ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ "ነፃ ያልሆነው ነፃ ጨዋታ" ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሱቄ መጡ። ሱቄ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው። ስልክ እጠግናለሁ፤ ቻርጀርና ከቨር እሸጣለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ገቡና የልጃቸውን ስልክ ከነጠላቸው ስር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ ይቺን ቁማር አጥፋልኝ" አሉኝ።

ከፍቼ ሳየው ቁማር ያሉት ሃርትስቶንን ነው። እኔ ራሴ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የምጫወተው የካርታ ጨዋታ ነው። ማን ቁማር ነው እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። የራሳቸውን ስልክ አውጥተው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። ርዕሱ "ነፃ ያልሆነው ነፃ ጨዋታ" ይላል። የጻፉት እዚሁ ጅማ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከጽሑፉ ጋር ነው። በወላጆች ዘንድ ከስልክ ስልክ እየዞረ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ጨዋታው ነፃ ይባላል እንጂ ያልከፈለ አያሸንፍም። ፓክ የሚባለውን የታሸገ የካርድ ጥቅል መክፈት ቁማር ነው። ማሸነፍና መሸነፍ በዕድል ስለሆነ ልጁ ምንም አይማርም። ሥዕሉ ሁሉ ጠንቋይና ጋኔን ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ ይጨርሳል። በዚያ ላይ እየሞተ ያለ ጨዋታ ነው።

መምህር፣ ከዚህ በኋላ በቀጥታ እርስዎን ላናግር። ከስድስቱ አንዱ ትክክል ነው። አንዱ ግማሹ ትክክል ነው። በቀሩት አልስማማም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ጨዋታው እውነተኛ ጥፋት አለበት፤ ጽሑፍዎ ሳይነካው አልፏል። ወላጆች ጽሑፉን አንብበው የሚጠብቁት ሌባው የማይገባበትን በር ነው።

ላልተጫወተ ሰው ጨዋታውን ላስረዳ። የሠራው ብሊዛርድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል። እያንዳንዱ 30 ካርድ ያለበት ዴክ ይዞ ይገባል። ጀግናው 30 ነፍስ አለው። በየተራው አንድ ማና ይጨመራል፤ እስከ 10 ይደርሳል። ካርድ የሚወጣው በማና ነው። የሌላውን ነፍስ ቀድሞ ዜሮ ያደረሰ አሸነፈ።

"ያልከፈለ ልጅ ለከፈለው መቀለጃ ነው"

እናቶቹን ያስደነገጣቸው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ።

በአንድ ዴክ ውስጥ አንድ ካርድ ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባም። ሌጀንደሪ የሚባለው ውድ ካርድ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ይሠራል። በፍጥነት እያጠቁ የሚያሸንፉ ዴኮች አሉ፤ አብዛኛው ካርዳቸው ኮመንና ሬር የሚባለው ርካሹ ነው። እኔ ሌጀንድ የሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ርካሽ ዴክ ነው። ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ ታልፎ ነው ሌጀንድ የሚደረሰው። በእያንዳንዱ ውስጥ አሥር አሥር ደረጃ አለ። ያን ሁሉ የወጣሁት በክረምት፣ ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርብኝ ነው።

ጀማሪም ባዶ እጁን አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኮር የሚባል የካርድ ስብስብ ለሁሉም በነፃ ይሰጣል። የመለማመጃውን ደረጃዎች ለጨረሰ ጀማሪ ደግሞ መርጦ የሚወስደው አንድ ሙሉ ዴክ አለ። ልጁ በዚያ ዴክ ከእሱ እኩያ ጋር ነው የሚገጥመው። ጨዋታው የሚያገናኘው ደረጃ እያየ ነውና።

ታዲያ ብር የሚገዛው ምንድን ነው? ፍጥነትና ምርጫ ነው። ኤክስፓንሽን የምንለው አዲስ የካርድ ስብስብ በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል። የከፈለ ሰው በዚያው ቀን አምስት ዓይነት ዴክ ይሞክራል። ያልከፈለው አንድ ይሠራል፤ እሱን ወር ሙሉ ይጫወተዋል። ልዩነቱ አለ፤ አልክድም። ግን እንደ ማልያ ነው። አንዱ ልጅ ቤቱ አምስት ማልያ አለው፤ ሌላው አንድ። ሜዳ ሲገቡ ሁለቱም የሚለብሱት አንድ ነው።

ዋጋውን ደግሞ እንየው። አዲስ ስብስብ ሲመጣ የሚሸጠው ትልቁ ጥቅል 80 ዶላር አካባቢ ነው። ትንሹ 50 ነው። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በ100 ብቻ ብናሰላው እንኳ ትልቁ ጥቅል 8,000 ብር ነው። እሱም ውጭ አገር የሚከፍል የባንክ ካርድ ላለው ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን የለንም። ጅማ ውስጥ የማውቃቸው ተጫዋቾች ሁሉ ሳይከፍሉ ነው የሚጫወቱት። እርስዎ ይጎዳሉ ያሏቸው ልጆች መክፈል ቢፈልጉም መንገዱ የላቸውም።

መንገድ እናገኛለን የሚሉ ደላሎች ግን አሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የስጦታ ካርድ እሸጣለሁ የሚል ሰው ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ብር ላክሁ። ኮዱን ላከልኝ። ሳስገባው ቀድሞ የተሠራበት ነው። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ብሬ ቀረ። ለወላጆች ማስጠንቀቂያ የሚጻፍ ከሆነ ስለዚህ ይጻፍ።

አሁን ሳይነኩት አለፉ ወዳልኩት ጥፋት ልምጣ። እሱም እዚሁ ሒሳቡ አካባቢ ነው ያለው።

ተጫዋች የማይፈልገውን ካርድ ፈጭቶ ደስት ያደርጋል። በደስቱ የሚፈልገውን ካርድ ይሠራል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ቁጥሩን ግን ይዩት። ኮመን ካርድ ለመሥራት 40 ደስት ይፈጃል፤ ሲፈጭ የሚሰጠው 5 ነው። ስምንት ሰጥቶ አንድ መቀበል ማለት ነው። ሬር በ100 ይሠራል፣ ሲፈጭ 20 ይሰጣል። ኤፒክ በ400 ይሠራል፣ ሲፈጭ 100 ይሰጣል። ሌጀንደሪ በ1,600 ይሠራል፣ ሲፈጭ 400 ይሰጣል። ሂርማታ ገበያ ላይ ስምንት ቁና ተቀብሎ አንድ ቁና የሚመልስ ነጋዴ ቢመጣ ገበያተኛው ሁሉ ይነሳበታል። እዚህ ግን ልውውጡ በሚያምር ሥዕልና በሚያምር ድምፅ ስለሚደረግ ልጅ አያስተውለውም።

ሱቄ የሚመጣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ አለ። በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሌጀንደሪዎቹን ፈጨ። አንድ የሚያምረውን ሌጀንደሪ ሊሠራ ነበር። ሦስቱ የሰጡት 1,200 ደስት ነው። የፈለገው 1,600 ይጠይቃል። ስልኩን ይዞ ሲመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ወንድሜ፣ መመለስ ይቻላል?" አለኝ። አይቻልም አልኩት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚከላከለው ክፍያ መከልከል አይደለም። ቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው።

"ፓክ መክፈት ቁማር ነው"

ይህ ነው ግማሹ ትክክል ያልኩት። ከትክክለኛው ግማሽ ልጀምር።

አንድ ፓክ አምስት ካርድ አለው። ቢያንስ አንዱ ሬር ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሌጀንደሪ የሚወጣው በአማካይ ከ20 ፓክ አንድ ነው። ይህን ቁጥር ኩባንያው ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቻይና ማንኛውም ጨዋታ እንደ ፓክ ያለ ውስጡ የማይታወቅ የዕድል ሣጥን ሲሸጥ ምን ያህል ዕድል እንዳለው እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ስላወጣች ነው። ቤልጂየም ደግሞ በ2018 በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡ የዕድል ሣጥኖችን እንደ ቁማር ቆጥራ ከልክላለች። ስለዚህ የእርስዎ ሥጋት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ፓክ ሲከፈት የሚወጣው ብርሃን፣ ካርዱ ሲገለበጥ የሚጮኸው ድምፅ፣ ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ልቤ ይመታል። ልጅማ እንዴት አይመታ።

ሌላው ግማሽ ግን አይገናኝም። በእኛ ከተማ ቁማር ሲባል የስፖርት ቤቲንግ ቤቶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እዚያ ልጁ ብር ይዞ ይገባል፤ ብር ይዞ እወጣለሁ ብሎ ነው የሚገባው። የተበላውን ለማስመለስ ነገ ተመልሶ ይሄዳል። ሃርትስቶን ላይ የሚመለስ ብር የለም። ካርዱ አይሸጥም፤ ወርቅ የሚባለው የጨዋታው ገንዘብም አይመነዘርም። ፓክ ደግሞ በ100 ወርቅ ይገዛል፤ ወርቁ የሚገኘው በመጫወት ነው። ያልከፈለ ልጅ የሚያጣው ጊዜ ነው።

ዕድሉም ልቅ አይደለም። ከአንድ ስብስብ 40 ፓክ ከመሙላቱ በፊት ሌጀንደሪ መውጣቱ ግድ ነው። አዲስ ስብስብ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ 10 ፓኮች ውስጥ አንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ ዴክ ውስጥ የሚገባውን ያህል የያዙት ካርድ ተደግሞ አይመጣም፤ በዚያው የውድነት ደረጃ ያልያዙት ካርድ እስካለ ድረስ። ይህ ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ማሻሻያ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓይነት ኤፒክ ሦስት ጊዜ ወጥቶብኝ ያውቃል።

ወርቅ ለሚያጠራቅም ልጅ ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ወርቅህን በየቀኑ 100 በ100 አትጨርስ። አዲሱ ስብስብ እስኪወጣ አቆየው። በወጣ ቀን አሥር ፓክ ክፈት። አንድ ሌጀንደሪ እጅህ ይገባል። አንድ ልጅ ለሁለት ወር ወርቁን ሳይነካ ማቆየት ከቻለ ትዕግሥት ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

"ሁሉም ዕድል ነው፤ ልጁ ምንም አይማርም"

መምህር፣ እዚህ ላይ በጣም ነው የማልስማማው። ካርታ ተበውዞ የሚሰጥበት ጨዋታ ውስጥ ዕድል አለ። ክሬዚ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ጥያቄው የመጣልህን ይዘህ ምን ታደርጋለህ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገርዎ። ባላጋራ 11 ነፍስ ቀርቶታል። ልጁ ሜዳው ላይ 5 የሚመታ ሠራዊት አለው። በእጁ ፋየርቦል አለ፤ በ4 ማና 6 ይመታል። 5 እና 6፣ 11። ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ነገር ግን ባላጋራው ፊት ለፊት አንድ የሚያስፈራ ትልቅ ጭራቅ አቁሟል። ልጆች ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆሜ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ፋየርቦሉን ጭራቁ ላይ ይጥሉታል። በሚቀጥለው ተራ ተሸንፈው "ዕድል የለኝም" ይላሉ። ዕድሉ እጃቸው ላይ ነበር። ከፍርሃታቸው ይልቅ ቁጥሩን ቢያዩ አሸንፈው ነበር።

ዴኩ ውስጥ 18 ካርድ ቀርቶ ሁለቱ ፋየርቦል ከሆኑ፣ ቀጣዩ ካርድ ፋየርቦል የመሆን ዕድሉ ከዘጠኝ አንድ ነው። ያን ጊዜ መጠበቅ ይሻላል ወይስ በያዝኩት መከላከል? ትምህርት ቤት ፕሮባቢሊቲ ተብሎ የሚሰጠው ይኸው ነው። እዚህ ልጁ በ75 ሰከንድ ውስጥ ይወስናል፤ ውሳኔውም ወዲያው ይፈርድበታል። እንግሊዝኛውንም አይርሱት። ጨዋታው በአማርኛም በኦሮምኛም የለም። የካርዱን ጽሑፍ አንብቦ ያልተረዳ ይሸነፋል። ዲክሽነሪ ከፍተው የሚጫወቱ ልጆች አውቃለሁ።

ዕድሉ ከልክ ያለፈበት ጊዜ ነበር፤ እሱን አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዮግ-ሳሮን የሚባል ካርድ ወጣ። ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ የተጠቀመባቸውን አስማቶች ቆጥሮ በዚያው ልክ ሌላ የዘፈቀደ አስማት ያዘንባል። ሊሸነፍ የተቃረበ ሰው ዮግን አውጥቶ ይገለብጠዋል፤ ሊያሸንፍ የነበረው ምንም ሳያጠፋ ይሸነፋል። ውድድር ላይ ሳይቀር ታይቷል። ስንማረር ቆይተን በዚያው ዓመት በኦክቶበር አዳከሙት። ጥሩው ዕድል ደግሞ ዲስከቨር የሚሉት ነው። በ2015 መጨረሻ የገባ ነው። ሦስት ካርድ ያሳይና አንዱን ያስመርጣል። የሚታዩት ሦስቱ በዕድል ናቸው፤ ምርጫው ግን የተጫዋቹ ነው። ይህ ጨዋታ ከሰጠን ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

"ጠንቋይና ጋኔን"

ይህን ነጥብ አላቃልለውም። ጅማ መስጊዱም ቤተክርስቲያኑም የሚከበርባት ከተማ ናት። ወላጅ ልጁ የሚያየውን ሥዕል የመምረጥ መብት አለው። ጨዋታው ውስጥ ጋኔን የሚጠሩ፣ አስማት የሚወረውሩ ገጸ ባሕርያት አሉ፤ እውነት ነው። በአሜሪካው የዕድሜ ምደባም ቲን ነው የተባለው፤ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ሱቄ ውስጥ አልጭንም።

ግን ዓለሙ የተረት ዓለም ነው። እኛም ያደግነው አያቶቻችን ማታ ማታ ስለ ጭራቅና ስለ ሰው በላ ጅብ እያወሩልን ነው። ማንም ጭራቅ አምላኪ አልሆነም። ስለ ልጅ ደኅንነት ካነሣን አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። በግጥሚያ መሃል ተጋጣሚዎች መጻጻፍ አይችሉም። ማለት የሚቻለው የተዘጋጁ ጥቂት ቃላትን ነው፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ጥሩ ተጫወትክ፣ እንዲህ ያሉትን። እነሱም ካሰለቹ ማፈን ይቻላል። ስድብ የለም። ወላጅ ማወቅ ያለበት ከግጥሚያ በኋላ የሚመጣውን የጓደኝነት ጥያቄ ነው። እሱን የተቀበለ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጻጻፋል። ልጁ የማያውቀውን ሰው እንዳይቀበል ይንገሩት።

ፓኬጁና "እየሞተ ነው" የሚለው

በፓኬጁ ትክክል ነዎት። ጨዋታው ሲጫን ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል። አዲስ ስብስብ በወጣ ቁጥር ሌላ ይጨምራል። ሚሞሪው ትንሽ የሆነ ስልክ ይዘው "ስልኬ ሞላብኝ" ብለው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ስንት ጊዜ ፎቷቸውን ወደ ፍላሽ ገልብጬላቸዋለሁ። ማዘመኑን ዋይፋይ ባለበት ማድረግ ነው የሚሻለው። ጨዋታው ራሱ ግን ተራ በተራ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይፈልግም። መብራት ጠፍቶ ዋይፋይ ሲቋረጥብኝ በስልኬ ዳታ ተመልሼ እገባለሁ። ግጥሚያው እዚያው ይጠብቀኛል፤ ተራዬ ካላለፈ።

ሞቷል ስለሚባለው ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው 100 ሚሊዮን ተጫዋች ደረሰ ብሎ ነበር። የዚያን ዘመን ያህል አሁን አይወራለትም። አዲስ ካርድ ግን በየዓመቱ ይወጣል። የሞቱትን ማየት ከተፈለገ ሌሎች አሉ። እርስዎ "ዋጋውን አንዴ ተናግሮ ቢሸጥ ይሻል ነበር" ብለዋል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ወደዚህ የሚቀርብ ነገር ሞክሯል። አርቲፋክት የሚባል የካርታ ጨዋታ በ2018 መጨረሻ በ20 ዶላር ሸጠ፤ ተጨማሪ ካርድ ግን ለብቻው በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ሰው ሸሸው። በ2021 ሥራውን አቆሙት። ራየት የተባለው ኩባንያ ደግሞ ሌጀንድስ ኦፍ ረንቴራ የሚባል የካርታ ጨዋታ በ2020 አወጣ። ካርድ በመስጠት ከሁሉ ለጋሱ እሱ ነበር፤ ተጫውቼው መስክሬያለሁ። በ2024 መጀመሪያ ወጪውን አልሸፈነልንም ብለው ሠራተኛ ቀነሱበት፤ ሰው ከሰው የሚገጥምበትንም ክፍል ገታ አደረጉት። ለጋስ ሆኖ መቆየት ከባድ መሆኑን ያየሁት በዚያ ነው። በጣም ያዘንኩበትም ነው።

ያልተጻፈው

መምህር፣ ደስቱን አንስቻለሁ። ሌላውና ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፦ ካርዱ የተጫዋቹ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሠራ። የዚህ ሁሉ አባት እሱ ነው። የእሱ ካርዶች ወረቀት ናቸው። ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ፣ ለታናሽ ወንድም ይሰጣሉ። ሃርትስቶን ላይ ይህ የለም። ለጓደኛ አንድ ካርድ መስጠት አይቻልም። እኔ አሥር ዓመት ያጠራቀምኩትን ለእህቴ ልጅ ላወርሰው አልችልም። ጨዋታውን ልተወው ብል በእጄ የሚቀር ነገር የለም።

በዚያ ላይ ያረጃል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስታንዳርድ የሚባል አሠራር አለ። በየዓመቱ በፀደይ አካባቢ የቆዩት ስብስቦች ከዋናው ጨዋታ ይወጣሉ። ዋይልድ በሚባለው ሌላ ሜዳ ይሠራሉ እንጂ ብዙ ሰው ባለበት አይሠሩም። ጨዋታው እንዳይሰለች ይህ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን እረዳለሁ። የሚጎዳው ግን በትዕግሥት ያጠራቀመውን ነው። የከፈለ ሰው በማግሥቱ ሌላ ይገዛል። ያልከፈለው ልጅ በስድስት ወር የሠራው ዴክ አንድ ቀን ጠዋት ከሜዳ ይወጣበታል። ጽሑፍዎ ውስጥ "ያልከፈለ ይጎዳል" የሚለው እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ እኔም እፈርምበት ነበር።

ቻይናውያኑን ደግሞ ያስቧቸው። ብሊዛርድ ከአገር ውስጥ አከፋፋዩ ጋር የነበረው ውል ሳይታደስ ቀረና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጨዋታው ተዘጋባቸው። ለዓመታት የሰበሰቡትን ካርድ ማየት እንኳ አልቻሉም። የተመለሰላቸው በ2024 ነው። ከፋይም ነፃ ተጫዋችም እኩል ከደጅ ቆሙ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ብዙ ልጅ ስለሚሳሳትበት ነው። ሲጀመር አውሮፓ፣ አሜሪካ ወይም እስያ የሚል ምርጫ አለ። በአንዱ የተሰበሰበ ካርድና ወርቅ በሌላው አይታይም። ጓደኞች ተመካክረው አንድ ቦታ ይጀምሩ።

ተጫዋች ሲናገር ግን ይሰማሉ፤ ይህንም ልመስክር። በኖቬምበር 2020 የሽልማት አሰጣጡን ቀየሩና ወርቃችን ቀነሰ። ከየአገሩ ጩኸት ተነሣ። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጽፌያለሁ። ይቅርታ ጠይቀው አስተካከሉት። ለዚህ ነው ነገሩን በትክክል መጻፍ የሚጠቅመው። "ቁማር ነው" ብለን ስንጮህ የሚሰማን የለም። "ስምንት ለአንድ ነው፤ ይህን ቀይሩ" ስንል ግን የሚመልሱት ነገር ያስፈልጋቸዋል።

የእናትየውን ስልክ ልንገርዎ። ጨዋታውን አላጠፋሁትም። ስልኩ ላይ ማንኛውም ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አደረግሁት፤ ቃሉን እሳቸው ብቻ ያውቁታል። የጓደኝነት ጥያቄው የቱ ጋ እንደሚመጣ አሳየኋቸው። ደስቱንም አስረዳኋቸው። "እና ይሄ ልጅ ስምንት ሰጥቶ አንድ ነው የሚቀበለው?" አሉኝ፤ አንዴ ነው የገባቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዘው እመጣለሁ ብለዋል። መምህር፣ ጊዜ ካለዎት እርስዎም ይምጡ። ጽሑፍዎን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያወጡት ከሆነ መቀለጃ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጥተው ስለ ደስቱና ስለሚያረጁት ካርዶች ያስገቡልኝ። ከዚያ በፊት ግን የእኔን ስልክ ልስጥዎትና ከልጁ ጋር አንድ ዙር ይግጠሙ። ቡናው ከእኔ ነው።